ያለውን የለም ያለ ስልክ

ሐይቅ ከተማ፣ ስልክ በምንጠግንበት ሱቅ፣ ደንበኛ ሲገባ አንገቴን እደፋለሁ። አሠሪዬ “ይቺ ከሰው ይልቅ ከስልክ ጋር ታወራለች” እያለ ይቀልድብኛል። እውነቱን ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ መጋረጃውን ቀስ እያለ ሲያነሳና ሲጥል፣ አንዲት ጎረቤታችን ስልካቸውን በሻሻቸው ጠቅልለው መጡ። ባለቤታቸው ከመሞታቸው በፊት መንዙማ እያሉ የቀዱት ድምፅ እዚያ ውስጥ ነው። ልጃቸው ከጅዳ ለዕረፍት መጥታ ስልኩን አፕዴት አድርጋላቸው ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ የድምፅ መቅጃው ገና ሲከፈት ይዘጋል፤ ቅጂዎቹን ደግሞ ሌላ አፕ አይከፍታቸውም።

“ወላሂ ልጄ፣ ሁለተኛ እንዳልቀብረው” አሉኝ።

ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አያያዝኩት። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የእንግሊዝኛውን ፊደል ግን እንደ ጥልፍ፣ መልኩን አይቼ አመሳስላለሁ። መቅጃውን ስከፍት፣ ኮምፒውተሩ ላይ በሚወርደው ጽሑፍ ስልኩ ደጋግሞ የአንድ ፋይል ስም ይጠራና “አልተገኘም” ይላል። የጠፋ መስሎኝ መቅጃውን ሦስት ጊዜ እንደገና ጫንኩት። ያው ነው። በመጨረሻ ስሙን ራሴ ስልኩ ውስጥ ፈለግኩት። አፖች ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ ቁጭ ብሏል!

በመስኮቱ ሐይቁን እያየሁ ሐሳቤ ወደ ቅሬያችን፣ ወደ ሰፈሩ ዕድር፣ ሄደ። ሐዘን ሲደርስ የቅሬው ድስትና ምንጣፍ የሁላችንም ነው፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም። የድሮዋ ዕቃ ጠባቂ በሩን ከፍተው “ግቡና ውሰዱ” ይሉ ነበር። አዲሷ ግን የሚሰጠውን ዕቃ ዝርዝር ጻፉ፤ ያልተጻፈውን ከጠየቅሽ፣ በበሩ ስንጥቅ እያየሽው፣ “የለም” ነው መልሱ። እናቴ ትልቁን ድስት እያየች ባዶ እጇን ተመልሳለች።

ስልኩም ጠባቂ ለውጧል። መቅጃው በድሮ ልማዱ ሄዶ ይጠራል፤ አዲሱ ሲስተም ያንን ዕቃ ከዝርዝሩ አውጥቶታልና የለም ይለዋል።

ለአሠሪዬ በቀስታ ነገርኩት። “አፍ አለሽ እንዴ!” ብሎ ሳቀ። ከመሳቢያ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ አፕዴት ያልነካው አሮጌ ስልክ አወጣልኝ። መቅጃውን ጫንኩበት፣ ቅጂዎቹን አሻገርኩ።

ድምፁ ሐይቁን ተሻግሮ እንደሚመጣ ሆኖ ቀስ ብሎ ሱቁን ሞላው። ሴትዮዋ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። መጋረጃው እንኳ የቆመ መሰለኝ።

አሮጌውን ስልክ ይዘው ሲወጡ ቀና አልኩ። “እትዬ! አፕዴት አድርጉ ቢልዎት እሺ እንዳይሉት።”

“ልጄ ከጅዳ ብትለኝስ?”

“እሷም ብትል።”