ለፊልም የተተከለ ድንኳን

ትወና የጀመርኩት ሰይጣን ሆኜ ነው። ሰቆጣ፣ ሰፈራችን ባለው ሰንበት ትምህርት ቤት ለበዓል ድራማ ሲዘጋጅ ሰይጣንን የሚጫወት ታጣ። ማን ልጁን ሰይጣን ያሰኛል? እኔ ቀጭንና ረጅም ስለነበርኩ ፊቴን ከሰል ቀብተው አወጡኝ። ሕዝቡ ሲስቅ ሰማሁና ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር መሆን አልፈለግኩም። እናቴ ግን ሳምንት ሙሉ ፊቴን በጸበል አሳጠበችኝ። ከኋላ ቆሞ ያፏጨልኝ ታላቅ ወንድሜ ብቻ ነበር፤ እሱንም በቤተ ክርስቲያን ግቢ አፏጨህ ብለው ተቆጡት።

አዲስ አበባ ሄጄ ትወና ከተማርኩ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በር ስከፍት ነው ያሳለፍኩት። በድራማ ዘበኛ፣ በፊልም ዘበኛ፣ በማስታወቂያም ዘበኛ። «ጌታዬ፣ እንግዳ መጥቷል» የምትለዋን ቃል ስንት ጊዜ እንዳልኳት እኔው ነኝ የማውቀው። ቤታችን ኽምጣኛ እየተናገርን ስላደግን አማርኛዬ የአገሬ ዜማ አለበት፤ አዘጋጆቹ ደግሞ ይህ ዜማ ከዘበኛ ሌላ ለማንም የሚሆን አይመስላቸውም ነበር። ነገሩ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ወንድሜ ግን አንዱንም ሳያሳልፍ በስልኩ ያየኝና ይደውልልኝ ነበር።

«የዛሬውን በር አሳምረህ ነው የከፈትከው» ይለኝ ነበር።

ዝናቡ በከዳን ዓመት ወንድሜ ከአበርገሌ ጓደኞቹ ጋር በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ተነሣ። ከባሕሩ ዳር ሆኖ ደወለልንና «ስሻገር እደውላለሁ» አለ። አልደወለም። ሞተ ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም። የሞተ ሰው ድንኳን ይተከልለታል፣ ሰው ይመጣል፣ ይለቀሳል፣ እርም ይወጣል። ለጠፋ ሰው ምን ይደረጋል? እናቴ በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው ብላ ስለምታምን፣ እንባዋ ሲመጣ ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ ከደረስንባትም በጭሱ ታሳብባለች።

የመጀመሪያው ትልቅ ሚናዬ የመጣልኝ በዚህ መሃል ነው። ፊልሙ ልጁ በስደት መንገድ ስለሞተበት ቤተሰብ ነው። እኔ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነኝ፤ ቀረጻው ደግሞ ሰቆጣ። ለእናቴ ሳልደብቅ ነገርኳት።

«ወንድምህ ሳይሞት ልታለቅስበት?» አለችኝ።

«እሱ እኮ አይደለም እማዬ። የፊልም ሰው ነው።»

«ሰውየው የፊልም ይሁን። የሚያለቅሰው ድምፅ ግን ያንተ ነው።»

ድንኳኑ ከግቢዋ እንዳይተከል አስጠንቅቃ፣ ቀረጻው እስኪያልቅ ከእህቷ ዘንድ ልትሰነብት ወደ አምደወርቅ ሄደች። ሳትመርቀኝ ነው የሄደችው። ልከተላት ፈልጌ ነበር፤ ግን በር መክፈት ሰልችቶኛል፣ ይህ ሚና ካመለጠኝ ደግሞ ሌላ የሚሰጠኝ የለም። ቀረሁ።

ድንኳኑ ከቤታችን ዝቅ ብሎ ጎረቤት ሜዳ ላይ ተተከለ። አዘጋጇ ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ናት፤ ለቀስተኞቹ የሰፈራችን ሰዎች ናቸው። አለቃቀሳቸው ግን ቁጥብ ሆነ። አንዷ ታለቅስና ጎረቤቷ ስታያት ሁለቱም ይስቃሉ። አንድ ሽማግሌ ካሜራውን እጅ እየነሡ ሰላም አሉት። አዘጋጇ «ካት» እያለች ድምፅዋ ተዘጋ።

ቀኑ ገበያ ነበር። የገዙትን ተሸክመው ወደ ፃግብጂ የሚመለሱ ሴቶች ከመንገዱ ሆነው ድንኳኑን አዩ። እኛ አገር ድንኳን አይቶ የሚያልፍ የለም፤ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ እንኳ ካለቀሱ በኋላ ነው። ሸክማቸውን ጥግ አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ እያለቀሱ ካሜራማኑን አልፈውት ገቡ። ፊት ፊት የመጣችው ደረቷን እየደቃች የራሷን ወንድም ነበር የምትጠራ። ቅድም ሲስቁ የነበሩት ጎረቤቶቻችንም አንድ በአንድ ማልቀስ ጀመሩ። ባለፉት ዓመታት፣ በጦርነቱም በድርቁም፣ ሰው ያልጎደለበት ቤት የታለ? አዘጋጇ «ካት!» ብላ ጮኸች፤ ማን ይስማት!

እናቴ ሥራው ያለቀ መስሏት የተመለሰችው በዚሁ ሰዓት ነው። ከሚኒባስ ወርዳ ሽቅብ ስትመጣ ልቅሶውን ሰማች። እሷ የእውነት ልቅሶ ከሩቅ ትለያለች። ድንኳኑ የፊልም እንደሆነ ብታውቅም በመሃሉ መርዶ የመጣ መሰላት። ነጠላዋ መሬት እየጎተተ፣ እጇን ከራሷ ላይ አድርጋ «ልጄን! ልጄን!» እያለች ስትሮጥ አየኋት። ላገኛት ወጣሁ፤ ለካ የለበስኩት የፊልሙን ጥቁር ልብስ ነው። ስታየኝ እጄን ጨምድዳ ያዘች።

«እማዬ፣ እሱ አይደለም! ፊልም ነው! ምንም አልሰማንም!»

ፊቴን አገላብጣ አየችው።

«ማልልኝ» አለች።

«መድኃኔ ዓለምን!»

«ታዲያ እኒህ ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱ?»

«የየራሳቸውን ነው፣ እማዬ።»

ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን እጄን ለቀቀችና ወደ ድንኳኑ ገባች። «እስቲ ጠጋ በሉልኝ» ብላ ከፃግብጂ ሴቶች መሃል ተቀመጠች። ከዚያ በኽምጣኛ ማልቀስ ጀመረች። ወንድሜ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ እንደተሰበረ፣ ስሙን ለሚጠራው ሁሉ በፉጨት እንደሚመልስ፣ ሲሄድ የለበሰው ሸሚዝ አንድ ቁልፍ እንደጎደለውና ሳትተክልለት እንደቀረች ነገረቻቸው። ሴቶቹም እያለቀሱ ተቀበሏት። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ወንድሜ በጣም ናፍቆኝ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም አልተናገርኩም።

ሲወጣላቸው ከፃግብጂ ሴቶች ትልቋ ዓይናቸውን ጠርገው ማን እንደሞተ ጠየቁ። ፊልም እንደሆነ ሲነገራቸው ይቆጣሉ ብዬ ሰጋሁ።

«እሰይ! እንኳንም ሰው አልሞተ!» አሉና ሸክማቸውን አንሥተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አዘጋጇ መጥታ እናቴ ፊት ተንበረከከች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ካሜራው ሳይጠፋ ቀርቶ እርስዎም ተቀርጸዋል። አጥፉት ካሉን አሁኑኑ እናጠፋዋለን።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች፤ የተዘቀዘቀውን መለሰችው።

«አታጥፉት» አለች። «እኔ ለሞተ ሰው አላለቀስኩም፤ ናፍቆኝ ነው። ሲመጣ ይየው። እናትህ ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር እንዳይሉት።»

በዚያው ማታ መረቀችኝ።

ፊልሙ ከታየ ቆየ። ዛሬ በር ክፈት የሚለኝ አዘጋጅ የለም። ስልኬ ላይ ጭኜዋለሁ፤ ሰቆጣ በሄድኩ ቁጥር ላሳይሽ እላታለሁ። እናቴ ስልኩን በእጇ መለስ ታደርገዋለች።

«ይቆይ» ትለኛለች። «ከወንድምህ ጋር ነው የማየው።»