የፉርኖውን ግድግዳ ያቀዘቀዙት ጋሽ ወልዴ

አቶ ወልዴ ማረፋቸውን ማክሰኞ ጠዋት ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ከለቅሶው ድንኳን እወጣለሁ፣ ፒያሳን እዞራለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ። ይህንንም የምጽፈው እየተነሣሁ እየተቀመጥሁ ነው።

እንደምታውቁት፣ አቶ ወልዴ የሚተዳደሩት የሆቴሎችን የእንፋሎት ቧንቧ ሙቀቱ እንዳያመልጥ በመሸፈን ነበር። መሸፈኛው ድንጋይ ቀልጦ እንደ ክር የወጣ ነገር ነው፤ እርሳቸው «የድንጋይ ሱፍ» ይሉታል።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ጽጌ የሚኖሩት ከዳቦ ቤቱ ፉርኖ ጀርባ ነው። በወለዱ ሰሞን ግድግዳው ይፋጅ ነበር፤ የሕፃኑ ገላ በሙቀት ሽፍ አለ። ሌላ ቤት ቢያጡ ወደ አገር ቤት ሊመለሱ ጓዛቸውን ማሰር ጀመሩ። አቶ ወልዴ ይህን ሲሰሙ ከሥራ የተረፈ ቢጫ ሱፍ በጆንያ አምጥተው ግቢው ውስጥ አኖሩ። «ቅዳሜ ግድግዳውን አለብሰዋለሁ» ብለው ሄዱ።

የግቢው ሴቶች ሊያግዟቸው ፈለጉ። የበግ ጠጉር ሳይታጠብ አይፈተልምና ሱፉን ዘፍዝፈው በሳሙና አሹት። አቶ ወልዴ ሲመለሱ ሱፉ ጭቃ መስሏል፣ ሴቶቹ ክሩ ወግቷቸው ክንዳቸውን ያካሉ።

«ምን አደረጋችሁት?»

«አጠብንልዎ፣ ጋሼ» አለች አንዷ። «ቢጫው ግን አልለቅም አለ።»

«ድንጋይ ገላውን ሲታጠብ ገና ዛሬ አየሁ። በሉ፣ ክንዳችሁን በቀዝቃዛ ውኃ ተለቃለቁ፤ አትከኩት።»

ወይዘሮ ጽጌ ከበራቸው ሆነው «ተበላሸ እንዴ?» አሉ።

«ውኃው ይውጣለት እንጂ ይሠራል። እርስዎ ጓዝዎን ይፍቱ።»

አቶ ወልዴ ዳቦ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥተው አሰጡት፤ ሲያንዣብብ እየሰበሰቡ፣ ሲያባራ እየዘረጉ። የተኮማተረውን ጥለው፣ ደህናውን በእጃቸው አፍታተው በግድግዳውና በሳንቃ መካከል አኖሩት።

ግጥሜን የማነብላቸው እኔ፣ ሳንቃ እያቀበልሁ ሳለሁ ቸኩዬ «ጠቅጠቅ ቢያደርጉት አይሻልም?» አልኋቸው።

«ከጠቀጠቅኸው ድንጋይ ነው። ሙቀቱን የሚይዘው በመካከሉ ያለው አየር ነው፤ እሱን ተውለት። ግጥምህንም እንዲሁ ትጠቀጥቀዋለህ» አሉኝ። ተቀይሜ ወጣሁ፤ ማታውኑ ግን የጻፍሁትን ግማሹን ሰረዝሁት።

ጋሽ ወልዴ፣ ትናንት ወይዘሮ ጽጌ ልጃቸውን ከዚያ ግድግዳ ሥር አስተኝተው፣ እህታቸውን ትተውለት ለቅሶዎ መጡ። እኔም መቀመጥ ቢያቅተኝ ሄጄ አየሁት። በሰላም ይረፉ። ፉርኖው ይነዳል፤ ልጁ አልነቃም።