በሰም የደፈንሁት ቀንደ መለከት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአንደበቴ አውጥቼው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌላውን ሁሉ ስናዘዝ ይህን ዘልየዋለሁ። ለባለቤቴም፣ አብረውኝ ለሚሠሩትም አልነገርሁም።

ደባርቅ ውስጥ የምጠብቀው ቤተ መዘክር ስለ እሳት ነው። ከዳባት እስከ በየዳ ያሉ ገበሬዎች ድንጋዩን በአህያ ጭነው፣ እንጨቱን አዋጥተው ያቆሙት አነስተኛ ቤት ነው። በበጋ የስሜን ተዳፋት ሲቀጣጠል አባቶቻቸው በምን እንዳጠፉት የሚያሳዩ ዕቃዎችን አመጡልኝ፤ የውሃ ስልቻ፣ ነበልባል የበላው ጋቢ፣ የእሳቱን መንገድ የሚቆርጡበት መቆፈሪያ። ታሪክ የተማርሁት እኔ ስለነበርሁ አደራውን ተቀበልሁ። ሲያስረክቡኝ አንድ ቃል አስቀደሙ፤ ዕቃው ባስፈለገን ጊዜ መጥተን እንወስዳለን አሉ። እሺ አልሁ። እሺ ስል ግን አላመንሁበትም። ለእኔ መስታወት ውስጥ የገባ ዕቃ ሥራውን የጨረሰ ዕቃ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው የአያ ውብነህ ቀንደ መለከት ነበር፤ ከዛሪማ ቆላ የመጣ የአጋዘን ቀንድ። እሳት ሲነሣ እኒህ ሽማግሌ ከሰፈራቸው በላይ ካለው ጉብታ ወጥተው ይነፉታል። ያን ድምፅ የሰማ ሁሉ፣ ደም የተቃባ እንኳ ቢሆን፣ መንሹን ጥሎ፣ እሳት የሚመታበትን የአስታ ቅርንጫፍ ቆርጦ ይመጣል። ቀንዱ ካልጮኸ ግን ጭስ ያየ ሰው ማሳውን የሚያቃጥል ጎረቤት ነው ብሎ ያልፋል። በዚያ ገደላገደል ስልክ አይሠራም። ቀንዱንም ከተመረጠው ነፊ በቀር ማንም በአፉ አይነካውም።

አንድ ክረምት ቀንዱ ውስጥ ብል አየሁ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? ባለቤቱን መጠየቅ። አልጠየቅሁም። ሰም አቅልጬ ወደ ውስጥ አፈሰስሁ፤ እያዟዟርሁ ግድግዳውን አለበስሁት፤ ውጪውን ወለወልሁ። ሥራዬም አማረኝ። ሰሙ ቀንዱ በሚጠመዘዝበት ቦታ ተጠራቅሞ መርጋቱን አላየሁም። አላየሁም ማለትስ ምን ይጠቅመኛል? ማየት የሚገባኝ እኔ ነበርሁ። አያ ውብነህን ነፍተው እንዲሞክሩት እንኳ አልጠራኋቸውም።

በጋው ሲገባ እንደ ውላችን መጥተው ወሰዱት። ስለ ሰሙ ምንም አልነገርኋቸውም።

በውቂያ ሰሞን፣ ነፋስ በበረታበት ቀን፣ እሳት ተነሣ። አያ ውብነህ ጉብታው ላይ ቆመው ነፉ፤ ቀንዱ የታፈነ ሳል ብቻ አወጣ። ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ደጋግመው ነፉ። ከሸለቆው ማዶ ያሉት ጭሱን አይተው ውቂያቸውን ቀጠሉ። መልእክተኛ ሮጦ እስኪጠራቸው ድረስ እሳቱ የአስታውን ጫካ ጨርሶ ወደ ሰፈሩ ወረደ። ክምሩ ነደደ፤ ቤቶች ነደዱ። አንዲት እናት የታሰሩ በሬዎቿን ልትፈታ ገብታ አልወጣችም። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ ለመጥራት የሚበቃ አፍ የለኝም።

የሴትዮዋ ሰልስት ካለፈ በኋላ አያ ውብነህ ቀንዱን በነጠላ ጠቅልለው መለሱልኝ።

«ልጄ፣ እስትንፋሴ ከዳኝ» አሉ። «ከእንግዲህ እዚሁ ይቀመጥ።»

«ዕድሜ ነው፣ አያ» አልኋቸው።

ያን ጊዜ ገና አላወቅሁም ልበል? ጠርጥሬ ነበር። እንደ ወጡ በሩን ዘግቼ ቀጭን ሽቦ ሰደድሁበት፤ ሰሙን አገኘሁት። በመስኮት ሳይ ገና መንገዱን አልተሻገሩም ነበር። መጥራት እችል ነበር። ውሃ አሞቅሁ። ሰሙን አቅልጬ፣ ጠራርጌ አወጣሁ። እኔ ደፈንሁት፤ እኔ ከፈትሁት፤ ማስረጃውንም እኔው አጠፋሁ። ከመስታወቱ ሥር ባለው መግለጫ ላይ ደግሞ፣ ቀንዱ በመጨረሻው እሳት ያልተሰማው በነፊው እርጅና ምክንያት መሆኑን ጻፍሁ። ቋንቋው የታረመ፣ ሥርዓተ ነጥቡ የተሟላ ውሸት ነው።

ከቅዳሴ ሲወጡ ጎልማሶቹ «አያ ውብነህ፣ ትንፋሹን የጠላ አረፋ እፍ ለማለት አስቀመጡት እንዴ?» ይሏቸው ጀመር። መጀመሪያ አብረው ይስቁ ነበር። ኋላ ከሰው መሐል መቀመጥ ተዉ። ሲሞቱ ለቅሶ ደረስሁ፤ ቤተ ዘመዱ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀልኝ፤ ተቀመጥሁበት።

አምና ሽማግሌዎቹ ቤተ መዘክሩ ግቢ ተሰብስበው የአያ ውብነህን ልጅ ደሳለኝን ቀንዱን እንዲረከብ ለመኑት። ደረተ ሰፊ፣ ብርቱ ገበሬ ነው።

«አባቴን አይታችኋል» አለ ቆሞ። «የእኛ ዘር ትንፋሽ አልቋል። ሌላ ሰው ፈልጉ። አገር በእኔ አይቃጠል።»

«አንተ ሰውዬ፣ በሬ ስትነዳ እኮ ጩኸትህ እዚህ ደባርቅ ይሰማል!» አለ አንዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እርሱ አልሳቀም።

እኔ ፊት ለፊቱ ነበርሁ። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃው ነበር፤ አባትህ ደኅና ነበሩ፣ ቀንዱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ምን ከለከለኝ? ሥራዬ? ስሜ? በየወንበሩ ያሉት ሰዎች እኔን ማክበራቸው?  ስብሰባው ወደ ጣሪያው ጥገና አለፈ። ሌላ ነፊም አልተገኘም። ጉብታው ጠሪ የለውም፤ ሣሩም ዘንድሮ ቀድሞ ደርቋል።

ይህን የጀመርሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። አሁን ግን አልጠይቅም። እናንተን አልበደልኋችሁም፤ አታውቁኝምም፤ ለእናንተ መናገር የቀለለኝም ለዚሁ ነው። ደሳለኝ ከዚህ የአንድ ጠዋት መንገድ ላይ ይኖራል። ማንበብ አይችልም።