ኮራሊን ማን ያሰጥማታል

ኖሪን ፓስኮ በማለዳ የመጀመሪያ ሥራዋ እንቁላል ማገላበጥ ነበር። የሚያስቅ ሥራ ነው፤ ግን ማቀዝቀዣ በሌለበት ጀልባ ላይ እንቁላል በየጊዜው ካልተገላበጠ ይበላሻል። ሽንኩርቱም አንድ በአንድ ካልታየ የበሰበሰው ደኅናውን ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ወገቧን በቀበቶ ከምድጃው ጋር ታስርና ሻይ ታፈላለች፤ ሳትታሰር ብትቆም ማዕበሉ ወይ እሷን ወይ ማንቆርቆሪያውን ይወረውረዋል። ሳህን የሚታጠበው በባሕር ውሃ ነው። የሚጠጣውን ውሃ ለሳህን ያፈሰሰ ሰው፣ ባሏ ኬልቪን ዘንድ ኀጢአቱ አይሰረይለትም።

ከጋላፓጎስ ተነሥተው ወደ ማርኬሳስ ደሴቶች ማቅናት ከጀመሩ ወዲህ ኑሯቸው ይኸው ነው። አንዱ ሲተኛ ሌላው ተረኛ ሆኖ ሸራውንና አድማሱን ይጠብቃል። ባልና ሚስት የሚተያዩት ተራ ሲቀያየሩ ብቻ ነው፤ እሱም እያዛጉ። ፓስፊክ ሰፊ ነው ሲሉት ሰው የገባው ይመስለዋል እንጂ አይገባውም።

ኬልቪን በታዝማኒያ፣ በሁዎን ወንዝ ዳር፣ የፖም ማሸጊያ ቤት አናጢ ነበር፤ ኖሪን ደግሞ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ። ጀልባዋን ኮራሊን በገዛ እጁ ነው የሠራት። በጓሯቸው፣ ከሁዎን ጥድ፣ ልጆቻቸው ተወልደው አድገው ከቤት እስኪወጡ ድረስ ሲሠራት ኖረ። የኖሪን ጣሪያ ያፈስስ ነበር፤ ጥሩ ጥሩው እንጨት ወደ ኮራሊ ሄዷላ። ሰው በጣውላ ይቀናል? እሷ ቀንታለች፤ ለጎረቤትም ሳታፍር ተናግራዋለች።

አንድ ቀን ኬልቪን ትልቅ ዓሣ ያዘ። ዓሣው ሲፈራገጥ መንጠቆው ቀኝ መዳፉ ውስጥ ተሰነቀረ። በጉጠት መንጭቆ አወጣው፣ በባሕር ውሃ ለቀለቀውና ዓሣውን ጠብሶ በላ። "ቁንጫ እንኳ ከዚህ ይብሳል" አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ በነጋታው ማንኪያ መያዝ አቃተው። እጁ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። በመድኃኒት ሳጥኑ የነበረው አንቲባዮቲክ ተውጦ አለቀ። ከአንጓው ተነሥቶ ወደ ክርኑ የሚወጣ ቀይ መስመር ታየ፤ መርዙ ወደ ደሙ እየገባ ነው ማለት ነው። ይባስ ብሎ ነፋሱ ጭጭ አለ። ያላቸው ነዳጅ ሞተሩን ወደቡ ድረስ ቀርቶ የመንገዱን እሩብ የሚያስኬድ አልነበረም።

ውቅያኖሱን የሚያቋርጡት ባለ ሸራ ጀልባዎች ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ ይገናኛሉ። ስም የምትጠራው ማርጎ ናት፤ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ እሷም ከባሏ ጋር በገዛ ጀልባዋ ወደፊት ቀድማ የምትጓዝ። ስሙ የተጠራ ያለበትን ቦታ ይናገርና "ሁሉ ደኅና" ይላል። ኬልቪንም ያንን ያበጠ እጅ ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ በግራው ማይኩን ይዞ፣ "ኮራሊ፣ ሁሉ ደኅና" ይላል። ድምፁ እንኳ አይንቀጠቀጥም። እልኸኛ!

ነገሩ የእሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጀልባውን ራሱ የሠራ ሰው መንገዱንም ራሱ ይጨርስ፣ ሰው አያስቸግር፤ የእነዚህ ሰዎች ሃይማኖት ይኸው ነው። ባለፈው ዓመት ሞተራቸው የተሰበረባቸው ባልና ሚስት ድረሱልን ቢሉ፣ ወደብ እስኪደርሱ የሬዲዮው መሣቂያ ሆኑ። "ታክሲ ጥሩልን" የሚል ስም ያወጣላቸው ኬልቪን ነው። ኖሪንም እንባዋ እስኪፈስ ስቃለች።

"ለማርጎ ንገራት" አለችው ቀይ መስመሩ ክርኑን ሲያልፍ።

"ምን ብዬ?"

"እጄ ሞቷል ብለህ።"

"ይኸው ያመኛል እኮ። የሞተ ነገር ያማል እንዴ?"

"አትቀልድብኝ ኬልቪን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።"

"ስሚኝ፣ ሴትዮዬ። ማርጎ ከሰማች መርከብ ትጠራለች። መርከብ ሲመጣ እኛን ይወስዳል፣ ኮራሊን አይወስድም። ሰው የሌለባትን ጀልባ ደግሞ ተንሳፍፋ አንተዋትም፤ በጨለማ ሌላው መጥቶ ይላተምባታል። ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ። ከሥሯ የባሕር ውሃ የሚያስገቡትን ቫልቮች ከፍተን ልናሰጥማት ነው። ማን ያሰጥማታል? እኔ እጅ የለኝም። አንቺ ነሽ።"

"አንተ ከምትሞት ትስጠም።"

"እኔ አልሞትም። ማርኬሳስ ሐኪም አለ።"

"በየትኛው ነፋስ ልንደርስ?"

ወይ ፍንክች። ዓይኑን ጨፍኖ "ነገ ይነፍሳል" አለ።

አልነፈሰም። ኖሪን የሁለት ሰው ተራ ለብቻዋ ትጠብቅ ጀመር። ሸራው ያለ ነፋስ እየተላጋ ሲጮህ ጭንቅላቷ ውስጥ የሚጮህ ይመስላታል። ቆማ እንቅልፍ እየጣላት፣ ግንባሯ ከመሪው ብረት ጋር እየተጋጨ ትነቃለች። ኬልቪን በትኩሳት ይቃዣል፤ "ፖሙ ተጭኗል? መኪናው ሄዷል?" እያለ ይጠይቃታል። "ተጭኗል" ትለዋለች። ውሃ በጨርቅ ነክራ ከንፈሩን ታረጥባለች። ከዚያ ምድጃው ሥር ቁጭ ብላ፣ እንዳይሰማት ፎጣ ነክሳ ታለቅሳለች። እግዚአብሔርን ካነጋገረችው ብዙ ዘመኗ ነው፤ ምን ብላ እንደምትጀምር እንኳ ጠፍቷት "እባክህ፣ እባክህ" ብቻ ትላለች። ባሏ ዓይኗ እያየ ሊሞትባት ነው። ሬዲዮው ከራስጌው ላይ ነው፤ እጅ ቢዘረጉ ይደረሳል።

አንድ ማለዳ ቀይ መስመሩ ብብቱ ገባ። ማርጎ ስም መጥራት ስትጀምር ኬልቪን ግራ እጁን ወደ ማይኩ ሰደደ፤ እጁ መንገድ ላይ ወደቀ። ማይኩን ኖሪን አነሣችው።

"ኮራሊ፣ ኮራሊ፣ እንዴት አደራችሁ?" አለች ማርጎ።

"ሁሉ ደኅና" አለች ኖሪን። አፏ ነው ያለው፤ ልማድ ክፉ ነው። ከዚያ ትንፋሽ ወሰደች። "አይደለም። ማርጎ፣ ደኅና አይደለንም። ኬልቪን እየሞተብኝ ነው።"

"ኖሪን፣ ዝጊው" አለ ኬልቪን ከአልጋው።

ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። የእጁን ነገር፣ የመስመሩን ነገር፣ መቃዠቱን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። ስትጨርስ በሬዲዮው የሳቀ አልነበረም።

"ትሰሚኛለሽ፣ የኔ እህት?" አለች ማርጎ። "ቀይ መስመሩ ብብቱ ከገባ ነፋስ የሚጠበቅበት ጊዜ አልፏል። መርከብ እጠራለሁ። ጀልባዋን ግን..."

"አውቃለሁ" አለች ኖሪን።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መርከብ መጥቶ እንደ ግንብ አጠገባቸው ቆመ። ሁለት መርከበኞች ወርደው ኬልቪንን ቃሬዛ ላይ አሰሩት። ሊነሣ ሲል ደኅናው እጁ የምሰሶውን ሽቦ ለቀም አደረገ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነበር ያላቀቋቸው። ኖሪንን አላያትም።

"እመቤቴ፣ ቫልቮቹን እኔ ልክፈታቸው?" አለ አንደኛው መርከበኛ፣ ልስልስ ያለ ወጣት ሰው።

"ተወው። የት የት እንዳሉ አታውቅም" አለችው።

ወርዳ የወለሉን ጣውላ አነሣች። የመጀመሪያው ቫልቭ ጠንክሮ በእጇ አልንቀሳቀስ ሲላት በመዶሻ መታችው። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ሲነካት "ይቅር በይኝ" አለቻት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የቀናችባትን ጀልባ። የመታጠቢያውን ከፈተች፣ የሞተሩን ከፈተች፣ ከምድጃው ሥር ያለውንም ከፈተች። ውሃው ጉልበቷ ሲደርስ መርከበኛው ስሟን እየጠራ ጎትቶ አወጣት።

በመርከቡ የሕሙማን ክፍል ለኬልቪን መድኃኒት በክንዱ ተሰቀለለት። ትኩሳቱ በረደ፤ በሕይወት ይኖራል አሉ። ኖሪን አጠገቡ ወንበር ላይ ነበረች፤ ሱሪዋ ገና አልደረቀም።

"ከፈትሻቸው?" አለ ዓይኑን ሲገልጥ።

"ከፈትኳቸው።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ከእንግዲህ የሚያናግራት አልመሰላትም። ቆይቶ ግን ሳይዞር ጠየቃት።

"ቶሎ ሄደች?"

ልትዋሽው ፈልጋ ነበር። ቶሎ ሄደች፣ አልተሠቃየችም ልትለው አፏን ከፈተች።

"አልሄድም ብላ አስቸገረችን" አለችው። "ካፒቴኑ ገርሞት መርከቡን አቁሞ ጠበቃት። ግማሿ ሰጥሞ እንኳ ቀጥ ብላ ነበር የቆመችው። ጥሩ አድርገህ ነው የሠራሃት፣ ኬልቪን።"

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። አብረው ሲኖሩ እናቱን ቀብሯል፣ ወንድሙን ቀብሯል፤ ሲያለቅስ ያየችው ዛሬ ነው። ደኅናው እጁን ልትይዝ እጇን አንሶላው ላይ ዘረጋች። አልሰጣትም። እሷም እጇን አልሰበሰበችም፤ እዚያው አንሶላው ላይ አቆየችው።