ክፍል የሌላት መምህርት

ዘቢደር የአማርኛ መምህርት ናት፤ ዓይነ ስውር ናት። እኛ ትምህርት ቤት ከተመደበች ጀምሮ ደመወዟ ሳይጓደል ይገባላታል፤ የምታስተምረው ክፍል ግን የላትም። ርእሰ መምህራችን አቶ ይድነቃቸው «አረፍ ትበል» ብለው ቤተ መጻሕፍት አስቀምጠዋታል። አንድም የብሬል መጽሐፍ የሌለበት ቤተ መጻሕፍት! እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ይሄን ስሌት ግን እስካሁን አልደረስኩበትም።

ከጉርድ ሾላ ተነስታ፣ መገናኛ ላይ ታክሲ ቀይራ፣ የቀበናን ዳገት በዱላዋ እየዳሰሰች ወጥታ ከብዙዎቻችን ቀድማ ትገባለች። ከዚያ ትቀመጣለች። አንድ ቀን «እኔ የተማርኩት ወንበር ለማሞቅ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ተማሪዎቹ ይኮርጁባታል» ይላሉ አቶ ይድነቃቸው። እኔስ? ሁለት ዓይኔን አፍጥጬ ስፈትን የሚኮርጁትን ማን ቆጥሯቸው ያውቃል? «ትደክማለች» ይላሉ ደግሞ። ሰው ከመቀመጥ በላይ በምን ይደክማል?

ደግሞ «አካቶ ትምህርት» የሚለውን ቃል እንደ እሳቸው የሚወድ ሰው አላየሁም። ዘቢደርን ባነር ላይ አካተዋታል። ሪፖርት ላይ አካተዋታል። እንግዳ ሲመጣ ፎቶው ላይ መሃል ያቆሟታል። የክፍል ድልድል ሲወጣ ብቻ ስሟ ይጠፋባቸዋል። የዘጠነኛ ሐ ልጆች በበኩላቸው የአማርኛ መምህር አጥተው ክፍለ ጊዜውን ኳስ ሲያንከባልሉ ይውላሉ።

የአካል ጉዳተኞች ቀን ግን ደመቅ ብሎ ተከበረ። ድንኳን ተተከለ፣ ወላጆች ተጠሩ። አቶ ይድነቃቸው ስለ ዘቢደር ጽናት ብዙ ተናገሩና ጋቢ አለበሷት። ጋቢ! አንድ ቀን እንኳ ሳታስተምር ጡረታ የምትወጣ አስመሰሏት። ከዚያ ታመሰግነኛለች ብለው ሁለተኛ ማይክ ሰጧት።

«ለጋቢው አመሰግናለሁ» አለች። «እኔ የምፈልገው ግን ክፍል ነው። እባክዎ፣ አቶ ይድነቃቸው፣ ክፍል ይስጡኝ።»

የእሳቸው ማይክ አልጠፋም ነበር። በቤተ ክርስቲያን ደጅም በታክሲ ተራም «ስጡኝ» ላላቸው ዓይነ ስውር ሁሉ ሲመልሱት የኖሩት ቃል ሳያስቡት አመለጣቸው።

«እግዜር ይስጥሽ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። እኔ ስለ እሳቸው አፈርኩ፤ ራሳቸው ምን እንዳሉ የገባቸው ዘግይቶ ነው። ዘቢደር ፊቷን ወደ ድምፃቸው መለሰች።

«እግዜርማ የራሱን ድርሻ ሰጥቶኛል» አለች ረጋ ብላ። «ድልድሉን የሚያወጡት ግን እርስዎ ነዎት።»

ወላጆች አጨበጨቡ። የሚገርመው፣ አቶ ይድነቃቸውም ሌላ ሰው የተነካ ይመስል አብረው አጨበጨቡ። ሰኞ ጠዋት ዘጠነኛ ሐ ተሰጣት። ልባቸው ራርቶ እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ፊት አፍረው ነው። ለእኛ እሱም ይበቃናል።