የአፈር ቋጠሮ

ይህን ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

በዕድሜ የገፋች ሴት ከደቡብ አፍሪካ ደባርቅ መጣች፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርሁ። ጣሊያን ከአገራችን ሲባረር አባቷ ለእንግሊዝ ጦር በሊማሊሞ ካሚዮን ይነዳ ነበር። አያቷ ግን አገሩን በጦር የያዘበትን እንግሊዝን አጥብቆ ይጠላ ስለነበር «ለጠላቴ ዘመትህ» ብሎ ልጁን ከቤት አባረረው። ሳይታረቁ ሁለቱም ሞቱ። እሷ ከአያቷ እርሻ አንድ እፍኝ አፈር በመሐረብ ቋጥራ መጥታለች። አባቷ እዚህ ሳለ ቤቱን ናፍቆ እንደነበር ከሰማች፣ አፈሩን እዚሁ በትና ልታስታርቃቸው አስባለች።

ሹፌሩን ያውቁት ከነበሩት አባታቸው ታሪኩን የሰሙት ሽማግሌው አያ ፈንታ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው አወሩን። «አባቴ ‹አንተ እንግሊዝ› ሲለው ሹፌሩ ይቆጣ ነበር አሉ። ለእኛማ ነጭ ሁሉ እንግሊዝ ነው! ‹እንግሊዝ አይደለሁም፤ የገበሬ ልጅ ነኝ› ይላል። በግ ባየ ቁጥር ካሚዮኑን ያቆማል። ጠቦት አቅፎ ‹አባቴ፣ አባቴ› እያለ ያለቅሳል። እንግሊዞቹ አለቆቹ ይሥቁበታል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ገጣሚ፣ እንዳታጣፍጠው! እንዳለ ንገራት።»

አጣፈጥሁት። እኔ ነኝ ያጣፈጥሁት። «በእንግሊዝ ባንዲራ የሚኮራ፣ ወደ ኋላው የማያይ ጀግና ነበር» አልኋት። ለምን? ያኔ ሕልሜ ከደባርቅ መውጣት ብቻ ነበር፤ ልቤ በየአውቶቡሱ ተሳፍሮ ይሄድ ነበር። አገር አቋርጦ የሄደ ሰው በጠቦት ማልቀሱ አሳፈረኝ? ወይስ የራሴ ዐረፍተ ነገር አማረኝ? ሁለቱም።

ቋጠሮውን ፈትታ ጭኗ ላይ ይዛው ነበር። መልሳ ቋጠረችው። «አያቴ ልክ ነበር» አለች።

«ምነው ፊቷ ጠቆረ? ነገርሃት?» አሉ አያ ፈንታ።

«ነገርኋት፣ አያ።»

በኋላ ጎንደር ሄድሁ። ዓመት ሳይሞላኝ፣ ገበያ መሐል አንድ የስሜን በግ ሲጮህ ሰምቼ ቆሜ አለቀስሁ። ያን ጊዜ ገባኝ። ተመልሼ ስመጣ አያ ፈንታ አርፈዋል፤ የሴትዮዋን አድራሻም አልያዝሁም።

ልጅ ነበርሁ አልልም፤ ዛሬም ልጅ ነኝ። የአያ ፈንታን ቃል እንዳለ ይኸው ጻፍሁት፤ ለእሷ ግን አልደረሰም። እናንተንም ፍቱኝ አልላችሁም። መፍታት የምትችለው ቋጠሮውን ይዛ የሄደችው ናት።