ያልዛገው ማጭድ

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ማጭድ እንዳትነካው፣ ስለቱ አሁንም አለ። ስንት ክረምት የሐይቅን እርጥበት ችሎ አልዛገም። ባየሁት ቁጥር ግን የከሰልና የጋለ ብረት ሽታ ይመጣብኛል፤ ፊቴ በእፍረት ይሞቃል።

ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ በፊዚክስ አንደኛ፣ በምላስ ደግሞ ከዚያም በላይ። አርዲቦ ሐይቅ ዳር የሚያርሱ ጎረቤታችን ሽማግሌ አንድ ጥቁር ድንጋይ ነበራቸው፤ ትንሽ፣ ሲያነሱት ግን ክንድ የሚገነጥል። «አባቴ እየነደደ ከሰማይ ሲወርድ በዓይኑ አይቶ ነው ያነሳው» ይሉ ነበር። መንደሩ ይስቅባቸዋል። አንድ ቀን ከጁምዓ መልስ ሰው በተሰበሰበበት ጠሩኝ።

«እስቲ የተማርሽው አንቺ ፍረጂን፣ ልጄ።»

ከተሰበረ ሬዲዮ የነቀልኩትን ማግኔት ይዤ መጣሁ። ገና ሳስጠጋው ጥርቅ ብሎ ተጣበቀ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ተራ ብረት ነው። ከሰማይ ብረት አይዘንብም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ከሁሉም አብልጬ ሳቅሁ። እሳቸው ድንጋዩን ሲዳብሱ ቆዩና «እንግዲያ አባቴ ዋሽቶኛል» አሉ፣ ቀስ ብለው። በሳምንቱ ቀጥቃጭ ዘንድ ወሰዱት። ወናፉ ሲነፋ ቆሜ አየሁ። ቀጥቃጩ «ወላሂ፣ ይሄስ ግትር ነው!» እያለ ማጭድ አደረገው።

ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህራችን ተቆርጦ በአሲድ የታጠበ የሰማይ ብረት አሳየን። ፊቱ ላይ እንደ ሰፌድ ስፌት የተጠላለፉ መስመሮች ነበሩ። በፈረሰች ትንሽ ዓለም ሆድ ውስጥ፣ በሚሊዮን ዓመታት ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ የተሠራ ንድፍ ነው አለን። ማግኔት መሳቡም አንዱ ምልክቱ ነው፤ ኒኬል ስላለበትም እንደ ተራ ብረት ቶሎ አይዝግም፤ እሳት ላይ ከጋለ ግን ንድፉ ይጠፋል፣ አይመለስም። ደብተሬን ዘጋሁ።

እውነቱን ለሽማግሌው ልነግራቸው ቆርጬ ወደ መንደር ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሞ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በሰላምታዬ አወቁኝ።

«አብሽሪ፣ ልጄ! አንቺ ባትኖሪ ድንጋይ ታቅፌ እቀር ነበር» አሉና ማጭዱን አስመጥተው እጄ ላይ አኖሩት። «ላንቺ ነው። አላህ ዕውቀትሽን ይጨምርልሽ።»

«አባትዎ አልዋሹም» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ልባቸውን እንዳልሰብር ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ፤ እውነቱ ግን የፈራሁት ለራሴ ነው። «አሚን» አልኩና ማጭዱን ይዤ ወጣሁ።

ክረምቱ ሳይገባ አረፉ። አባታቸውን ይቅር ብለውት ይሁን ሳይሉት፣ አልጠየቅኋቸውም።